ሃያ ስምንት ዓመት በልክ፦ በታይሮይድ መድኃኒት የታከሙት የመጀመሪያዋ ሴት

በ1891 መጀመሪያ፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ኒውካስል ከተማ፣ አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከሰው ፊት መሸሽ ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ፊታቸው አብጦ ስሜት የማይነበብበት ሆኗል። ንግግራቸው ተጎትቷል፤ እጃቸው ለሥራ አልታዘዝ ብሏል፤ ጠጉራቸው ሳስቷል፤ ቆዳቸው ደርቆ ላብ የሚባል ነገር ረስቷል። ብርድ ፈጽሞ አይችሉም፤ የሰውነታቸው ሙቀትም ሲለካ ከመደበኛው በታች ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ ማየት አይፈልጉም። እንዲህ ሆነው አራት አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የሕክምና መዝገቡ ስማቸውን ሸፍኖ «ወይዘሮ ኤስ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኚህ ሴት በዚያው ዓመት መድኃኒት ጀመሩ፤ በ74 ዓመታቸው በ1919 እስኪያርፉ ድረስም ወሰዱት። በዚህ ሁሉ ዘመን የደማቸውን ሆርሞን የለካላቸው ማንም የለም። መለኪያው አልተፈለሰፈም፤ መድኃኒቱም በሚዛን የተመጠነ ኪኒን ሳይሆን ከበግ አንገት የወጣ ጭማቂ ነበር። ታዲያ ልኩን ማን አወቀው? በምንስ አወቀው? ዛሬ እናታቸው ወይም አባታቸው ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን የሚወስዱ ብዙ ቤተሰቦች «የጠዋቱ ኪኒን ለምን ተቀነሰ? ለምን ተጨመረ?» እያሉ ግራ ሲጋቡ አያለሁ። የእኚህ ሴት ታሪክ ለዚያ ጥያቄ ከማንኛውም የመድኃኒት ወረቀት የተሻለ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሕመሙ ስም ካገኘ ገና 13 ዓመቱ ነበር። የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጋል በአዋቂ ሴቶች ላይ የሚታየውን ይህን የመፍዘዝና የማበጥ ሁኔታ በ1873 ጻፉ፤ ዊልያም ኦርድ ደግሞ በ1878 ሚክሰዴማ ብለው ሰየሙት። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በ1883 ከባድ ነገር ተናገሩ፦ እንቅርት ሲያወጡ የታይሮይድ ዕጢውን ጨርሰው ያነሡባቸው ሰዎች ከጊዜ በኋላ በዚሁ መልክ ፈዝዘዋል። በለንደን የተሰበሰበ የሐኪሞች ኮሚቴ ከመቶ በላይ ሕሙማንን መርምሮ በ1888 ነገሩን አገጣጠመው። ሕመሙ የሚመጣው አንገት ላይ ያለችው ትንሽ ዕጢ ሥራዋን ስታቆም ነው። ምክንያቱ እንዲህ ታወቀ፤ የሚሰጥ ነገር ግን አልነበረም። ወይዘሮ ኤስ የታመሙት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ጆርጅ ሙሬይ በዚያን ጊዜ 26 ዓመት ያልሞላቸው የኒውካስል ሐኪም ነበሩ። መነሻቸው የሌሎች ሰዎች ሙከራ ነው። ታዋቂው ቪክቶር ሆርስሊ የበግ ታይሮይድ ከሕመምተኛው ቆዳ ሥር ቢተከል ይጠቅም ይሆናል ብለው ነበር። የሊዝበን ሐኪሞች ቤተንኩርትና ሴራኖም በ1890 በአንዲት ሴት ላይ ሞክረውት ሴትዮዋ በማግሥቱ መሻል ጀመሩ። ሙሬይ የያዙት «በማግሥቱ» የሚለውን ቃል ነው። የተተከለ ሥጋ በአንድ ሌሊት የደም ሥር አብጅቶ ሥራ አይጀምርም። እንግዲያው የጠቀመው ሥጋው ሳይሆን ከሥጋው ወጥቶ ወደ ደም የገባው ጭማቂ ነው፤ ጭማቂው ከሆነ ደግሞ ቀዶ ጥገና ለምን ያስፈልጋል? በመርፌ ይሰጥ!

ይህን ሐሳብ በፌብሩዋሪ 1891 በአካባቢያቸው የሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሲያቀርቡ የተነሡ ተቃዋሚ ነበሩ። አንድ ባልደረባቸው፣ ይህማ የአከርካሪ ሕመምን ለማከም የአከርካሪ መቅኔ አሽቶ በመርፌ እንደ መስጠት ያለ ሞኝነት ነው አሉ። ሙሬይ አልተመለሱም። ከታረደ ወዲያው የበጉን ታይሮይድ ንጹሕ በሆነ መሣሪያ አስወጡ፤ ስቡን ገፍፈው በትናንሹ ከተፉት፤ በግሊሰሪንና ጥቂት ካርቦሊክ አሲድ በተጨመረበት ውኃ ዘፍዝፈው አሳደሩት፤ በማግሥቱ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው አጠለሉት። የወጣው ሮዝ መልክ ያለው ደፍራሳ ፈሳሽ ነበር። ይኸው ነው በዓለም የመጀመሪያው የታይሮይድ መድኃኒት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሙሬይ ሙከራ መሆኑን፣ ማንም ከዚህ በፊት ሞክሮት እንደማያውቅ ለወይዘሮ ኤስ አስረድተዋቸዋል። እርሳቸውም የወደፊት ዕጣቸውን ስላወቁ ሳያመነቱ ፈቀዱ። ፈቃድ በወረቀት በማይጠየቅበት ዘመን ተጠይቀው «እሺ» ያሉ ሴት ናቸው። ታሪኩ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ስም ይጎላል። እኔ ግን ያን የደፈረሰ ፈሳሽ በገዛ ሰውነታቸው ለመቀበል የወሰኑትን ሴት ድፍረት አሳንሼ ማየት አልችልም።

ኤፕሪል 13 ቀን 1891 የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠ፤ መጠኑ 25 ሚኒም ነበር። ሚኒም የድሮ የፈሳሽ መለኪያ ሲሆን አንዱ ሚኒም አንድ ጠብታ ያህል ነው፤ ሃያ አምስቱ በዛሬው ስሌት አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል ግድም ይሆናል። ከዚያ በኋላ መርፌው በየጥቂት ቀኑ ይደጋገም ጀመር። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ታየ። የፊት እብጠቱ ጎደለ፤ ንግግራቸው ፈጠነ፤ ትውስታቸው ተመለሰ። ሲራመዱ ላብ ያልባቸው ጀመር፤ ያ ደረቅ ቆዳ አላበው! የወር አበባቸውም ተመለሰ። ለዓመታት በየዕለቱ ይሰቃዩበት የነበረውን ብርድም ቻሉት። ሙሬይ ይህን ኦክቶበር 10 ቀን 1891 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ በአጭር ማስታወሻ አሳወቁ።

እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊ ጽፎታል፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ከተሻላቸው በኋላ ሙሬይ በዚያው ፍጥነት አልቀጠሉም፤ በመርፌና በመርፌ መካከል ያለውን ጊዜ አረዘሙት። በየጥቂት ቀኑ ይሰጥ የነበረው ወደ ሁለት ሳምንት አንዴ ሄደ። ይህን ያደረጉት ቀመር ይዘው አይደለም፤ ሴትዮዋን እያዩ ነው። ፊታቸው፣ ንግግራቸው፣ የልብ ምታቸው፣ ሙቀታቸው፣ ክብደታቸው ነበር መለኪያው። እብጠቱ ሊመለስ ሲል ይታወቃል፤ ልባቸው ሲፈጥንም ይታወቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ፈልገው አገኟት።

ለምን መርፌው በየሁለት ሳምንቱ ብቻ በቃ? ሙሬይ አላወቁትም፤ እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። ታይሮክሲን የተባለው ዋናው የዕጢው ሆርሞን ከሰውነት የሚወጣው እጅግ በዝግታ ነው። ዛሬ የገባው ግማሹ ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። መድኃኒቱ ተጠራቅሞ የተረጋጋ ደረጃ ላይ ለመድረስም ስድስት ሳምንት ግድም ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ሐኪም የኪኒኑን መጠን ከለወጠ በኋላ «ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ደም አሠሩ» ይላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ቸልታ ይቆጥረዋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልተሻላቸውም» ብለው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደው የሚያስጨምሩ አሉ። ከዚያ ሁለቱ ጭማሪዎች በአንድ ላይ ተደራርበው በሁለተኛው ወር የእናት ልብ ይመታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰውነት የራሱ ቀን አለው፤ የእኛን ጥድፊያ አይሰማም።

ሙሬይ በኋላ ሕክምናውን በሁለት ምዕራፍ ከፍለው አስተማሩ። የመጀመሪያው የተከማቸውን ሕመም የማስወገድ ምዕራፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተገኘውን ጤና የመጠበቅ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ትልቁ አደጋ ልብ ነበር። ታይሮይድ የሌለው ሰው ሁሉም ነገሩ በዝግታ ስለሚሠራ ልቡም እንዲሁ በዝግታ መሥራት ለምዷል። ደምን ወደ ልብ የሚያመላልሱት ሥሮች ጠብበው ቢሆን እንኳ ብዙ ስለማይጠየቁ ጉድለታቸው አይታይም። ድንገት ሆርሞን ሲገባ ግን መላ ሰውነት ነቅቶ ኦክስጂን ይጠይቃል፤ ልብም ሳይዘጋጅ ይሮጣል። በሕክምናው የመጀመሪያ ዓመታት በእንግሊዝ የታየው ይኸው ነው። ልባቸው ደካማ በነበረ ሕሙማን ላይ የደረት ሕመምና ራስን መሳት ደርሷል፤ የሞቱም አሉ። ገና ትንሽ ሻል ሲላቸው ዓመታት የናፈቁትን ሥራ ለመሥራት ተነሥተው የወደቁ ነበሩበት። ሙሬይና ባልደረቦቻቸው ከዚህ የተማሩት እስከ ዛሬ ድረስ ያልተሻረ ደንብ ሆነ፦ ያረጀና ልቡ የደከመ ሰው በትንሽ ይጀምር፤ በዝግታ ይጨመርለት፤ በዚያው ሰሞንም ከከባድ እንቅስቃሴ ይታቀብ።

የዛሬው ቁጥር ከዚህ ደንብ የወጣ ነው። ጤነኛ ወጣት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ቢሞትበት በቀን በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ሌቮታይሮክሲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 100 ማይክሮግራም ይጠጋል። ወጣቱ በዚሁ ሙሉ መጠን ሊጀምር ይችላል። የልብ ሕመም ያለባቸው የ74 ዓመት እናት ግን በ25 ማይክሮግራም፣ አንዳንዴም በግማሹ በ12.5 ይጀምሩና ከሳምንታት በኋላ ተለክቶ ትንሽ ትንሽ ይጨመርላቸዋል። ወይዘሮ ኤስ ዛሬ ቢታከሙ በ46 ዓመታቸው አንድ ደንብ፣ በ74 ዓመታቸው ሌላ ደንብ ይሠራላቸው ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ ሕመም፣ ሁለት ልክ።

በ1892 ነገሩ ይበልጥ ቀለለ። በለንደን ሄክተር ማኬንዚ፣ በፕሊመዝ ኤድዋርድ ፎክስ መድኃኒቱ በአፍ ሲሰጥም እንደሚሠራ አሳዩ። ታይሮይድ ሆርሞን እንደ ኢንሱሊን በሆድ ውስጥ አይበላሽም፤ ይህ ለሕሙማኑ ትልቅ ዕድል ነበር። ወይዘሮ ኤስም መርፌውን ትተው ጭማቂውን መጠጣት ጀመሩ። ልካቸውም ተገኘ፦ በሳምንት ስድስት ማታ፣ በየማታው 10 ሚኒም። በሳምንት 60 ሚኒም መሆኑ ነው፤ በዘመኑ መለኪያ ልክ አንድ ድራክም፣ በዛሬው ከሦስት ሚሊ ሊትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ሰባተኛዋ ማታ የዕረፍት ናት።

ይህን ልክ በዓመቱና በወሩ አባዝቼ ማየት ደስ ይለኛል። ሙሬይ በኋላ እንደ ጻፉት ሴትዮዋ በ28 ዓመት ውስጥ ከ9 ፓይንት በላይ፣ ማለትም ከአምስት ሊትር የሚበልጥ ጭማቂ ወስደዋል፤ ይህም ከ870 በላይ በጎች ዕጢ የወጣ ነው። ለቀን ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በጎቹን ለዘመኑ ብናካፍል ደግሞ በየ12 ቀኑ አንድ በግ ይደርሳል። በአምስት ሊትር ፈሳሽ ሃያ ስምንት ዓመት! የሰው ልጅ የሚያስፈልገው ምን ያህል ትንሽ፣ ግን ምን ያህል የማይቋረጥ እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ስሌት አላየሁም።

ጭማቂው ግን ችግር ነበረበት። የአንዱ በግ ዕጢ ከሌላው ይለያል፤ በሚሰማራበት መስክ ያለው አዮዲንም ሆነ ወቅቱ ይለውጠዋል። ስለዚህ የዛሬው አሥር ጠብታ የባለፈው ወር አሥር ጠብታ ላይሆን ይችላል። በተጨማሪም የእንስሳ ዕጢ ከታይሮክሲን ሌላ ቲስሪ የተባለውን ፈጣኑን ሆርሞን ይዟል፤ ቲስሪ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይወጣና በልብ ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው ዛሬ ከእንስሳ ዕጢ የተዘጋጀ ኪኒን ለአረጋውያን የማይመከረው። «የተፈጥሮ ስለሆነ ይሻላል» ብለው ከውጭ አገር ለወላጆቻቸው የሚልኩ ልጆች ቢሰሙኝ እወዳለሁ፤ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም፤ ለ75 ዓመት ልብ ግን የተረጋጋው ሌቮታይሮክሲን ይሻላል። ኤድዋርድ ኬንዳል ታይሮክሲንን በንጹሕ መልኩ ለይተው ያወጡት በ1914 የገና ዕለት በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ነው። ሃሪንግተንና ባርገር ደግሞ በ1927 በላቦራቶሪ ሠሩት። ወይዘሮ ኤስ ሁለተኛውን ሳያዩ አለፉ።

ዕድሜያቸው ከ46 ወደ 74 ሲሄድ በሰውነታቸው ውስጥ የተለወጠው ነገር ዛሬ በብዙ አረጋውያን ላይ ተጠንቷል። ሰው ሲያረጅ ሆርሞኑ ከሰውነቱ የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ጡንቻውና ክብደቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በ50 ዓመት የተስማማው መጠን በ75 ዓመት ሊበዛ ይችላል። ሕመምተኛው ምንም አላጠፋም፤ መድኃኒቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውነቱ ነው። ለ20 ዓመት ያው 100 ማይክሮግራም ሲወስዱ የኖሩ አባት ድንገት «ወደ 75 ይውረድ» ሲባሉ ቤተሰቡ «ሕክምናው ከሸፈ» ብሎ ይደነግጣል። እውነቱ ግን ሕክምናው ከእርሳቸው ጋር አብሮ ማርጀቱ ነው፤ አብሮ የማያረጅ ሕክምና ነው የሚያስፈራው።

መለኪያውም ራሱ ያረጃል። ሐኪሞች በዋናነት የሚያዩት ቲኤስኤች የሚባለውን ነው፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥሪ» ብላ የምትልከው መልእክት ነው። ታይሮይድ ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ይወርዳል። ይህን በደም መለካት የተቻለው በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በቀን 200 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። መለኪያው ሲመጣ ብዙዎች ከልክ በላይ ሲታከሙ መኖራቸው ተገለጠና መጠኑ በየቦታው ወረደ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ታወቀ፦ በጤነኛ አረጋውያን ዘንድም ቲኤስኤች ከዕድሜ ጋር በጥቂቱ ከፍ ይላል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2014 ባወጣው መመሪያ ከ70 እስከ 80 ዓመት ላለፈው ሰው ቲኤስኤች ከ4 እስከ 6 ባለው ቢጠበቅ ተገቢ ነው ብሏል። ለ30 ዓመት ወጣት «ከፍ ብሏል» የሚባለው ቁጥር ለእናቱ ትክክለኛ ቦታዋ ሊሆን ይችላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የሚታተመው ቀይ ምልክት ግን ዕድሜን ሁልጊዜ አያውቅም።

በዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች በአእምሮዬ ተቀርጸዋል። አንደኛው የአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ውስጥ ቲኤስኤቻቸው እጅግ ዝቅ ያለባቸው በ10 ዓመት ውስጥ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት የገጠማቸው ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ነበር፤ ይህ የታተመው በ1994 ነው። የልብ ምት መዛባት የደም መርጋትን፣ የደም መርጋትም በአንጎል ላይ የሚደርስ ሽባነትን ያመጣል። መድኃኒቱ ሲበዛ አጥንትም ይሳሳል። ሁለተኛው በ2017 የታተመው ትረስት የተሰኘ የአውሮፓ ጥናት ነው። ቲኤስኤቻቸው በመጠኑ ከፍ ብሎ ታይሮክሲናቸው ግን መደበኛ የሆነ 737 አረጋውያን ተሳትፈውበታል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 74 ነበር፤ ወይዘሮ ኤስ ያረፉበት ዕድሜ! ግማሾቹ ሌቮታይሮክሲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ በድካም ስሜትም ሆነ በሌላው ምልክት በመካከላቸው ልዩነት አልታየም። ይህ ማለት እንደ ወይዘሮ ኤስ ዕጢያቸው የሞተ ሰዎች መድኃኒቱን ይተዉ ማለት አይደለም፤ በፍጹም። እርሳቸው ያለ መድኃኒቱ መኖር አይችሉም ነበር። ነገር ግን አንድ አረጋዊ «ደከመኝ» ሲሉ ቲኤስኤቻቸው ጥቂት ከፍ ስላለ ብቻ ኪኒን መጀመር ወይም መጨመር መልስ ላይሆን ይችላል።

በተቃራኒው ያለው ስሕተትም ያሳስበኛል። የወይዘሮ ኤስን ምልክቶች መለስ ብለን እንይ፦ ብርድ አለመቻል፣ ዝግ ያለ ንግግር፣ መርሳት፣ ከሰው መራቅ። ይህ በ46 ዓመት ሴት ላይ ሲታይ ሰው «ታማለች» ይላል፤ በ78 ዓመት ሴት ላይ ሲታይ ግን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንድ የደም ምርመራ የሚለየውን ነገር እርጅና በሚል ቃል ስንሸፍነው ያማል። እጅግ ዘግይቶ ከሄደ ደግሞ አረጋዊው በብርድ ወራት፣ በኢንፌክሽን ወይም በማደንዘዣ ምክንያት ራሱን ወደ መሳት ሊደርስ ይችላል፤ ያ አስቸኳይ ሕክምና የሚፈልግ አደጋ ነው። መድኃኒቱን «አሁን ተሽሎኛል» ብለው ለወራት የሚያቋርጡ ሰዎችን የሚጠብቃቸውም ይኸው መንገድ ነው።

ወይዘሮ ኤስ መድኃኒታቸውን በማታ መውሰዳቸው ደግሞ ዛሬ ለእኛ ቤት ጥሩ ሐሳብ ያቀርባል። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ጠዋት ከሆነ ከቁርስ ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በውኃ ብቻ፣ ማታ ከሆነ ደግሞ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል፤ የካልሲየምና የብረት ኪኒን ደግሞ ይይዘዋል፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት መኖር አለበት። በእኛ ዘንድ ጠዋት ቡና ሳይጠጡ መዋል የማይታሰብላቸው እናቶች አሉ። ኪኒኑን በአንድ እጅ፣ ሲኒውን በሌላው ይዘው ይውጡታል። ከዚያ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። እንግዳ ተጠርቶ ወይም ጉዞ ኖሮ ቡናው የዘገየ ሰሞን ደግሞ መድኃኒቱ በሙሉ ይገባና ልብ ይመታል። ስለዚህ መጠን ከመለወጡ በፊት «እማማ፣ ኪኒኑን በምን ይውጡታል? ከዚያስ ምን ይጠጣሉ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እማማ ቡናቸውን እንዲተዉ ከማስጨነቅ መድኃኒቱን እንደ ወይዘሮ ኤስ ወደ ማታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለጿሚዎችም ይሠራል፤ እራቱ ዘግይቶ ከሆነ ሰዓቱን አስልቶ ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው።

የስድስቱ ማታ ደንብም ትምህርት አለው። አንድ ቀን ኪኒን ቢረሳ የሚደርስ ጥፋት የለም፤ በሰውነት ውስጥ ያለው በአንድ ቀን አያልቅም። በማግሥቱ መቀጠል ነው፤ በፍርሃት አጣድፎ ሁለት ሦስት መዋጥ አያስፈልግም። መጠኑን ከሐኪም ውጭ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የታይሮይድ መጠን ሲጨምር የዋርፋሪኑ ኃይል አብሮ ይጨምራል፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላልና ሁለቱንም የሚያይ ሐኪም ማወቅ አለበት።

ወይዘሮ ኤስ በ1919 በልብ ድካም ዐረፉ። መጠኑ በዝቶባቸው ይሆን? የ74 ዓመት ሴት ልብ በዚያ ዘመን በብዙ ሌላ ምክንያትም ይደክማል፤ ያለ ቲኤስኤች ማንም ሊፈርድ አይችልም። እኔ የማየው የተሰጣቸውን ዘመን ነው። ሚክሰዴማ በገፋበት ሁኔታ ላይ ሳሉ በ46 ዓመታቸው ሕክምና ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ከ28 ዓመት በላይ በደኅና ጤና ኖሩ። ሙሬይ በበኩላቸው ከኒውካስል ተነሥተው በማንቸስተር ፕሮፌሰር ሆነው ነበር። የመጀመሪያዋን ታካሚያቸውን ግን አልረሱም፤ በ1920 የሕይወት ታሪካቸውን በዚያው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳተሙ። በጎቹንም ቆጥረው የጻፉት በዚያ ነው።